ግራ ገባው

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በቱርኩ ወደብ ሥራ፣
መርከብ ሲቀጠቅጥ ሄደበት አንድ ጆሮው፣ ግራ።

ታይስቶ ዛሬ ማታ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት፣
ማጫወቻውን በሽቦ እንደ ጥጃ አስሮት፣
«የላቀ ቅንብር» የምትል፣ ጥግ የተሸጎጠች
ቁልፍ ሲጫን፣ ያላሰባት መስኮት ብቅ አለች።
«ለሚያውቁ ብቻ» ትላለች። «ሳልነካው በምን ልወቅ?»
ቢትሬት፣ ማመጣጠኛ፣ ኮዴክ... ማለቂያ የለው ጭንቅ፤
ግራ ገባው።
          ከሁሉም ግርጌ አንዲት ባዶ ሳጥን፦
«ግራና ቀኙን ቀላቅል፤ አንድ አድርግ ሁለቱን።»
ምልክት አደረገባት። ፕሮግራሙም ጠየቀ፦
«አራት መቶ አሥር ዘፈን እንደ አዲስ ልጫን?»
ሌሊቱ በዚሁ አለቀ።

ጧት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በቃሉ በሚያውቀው ታንጎ መሀል
አኮርዲዮን ሰማ። «ይሄ ደግሞ ከየት?» ይላል።
ስንት ዘመን ሙሉ ቆሞ ኖሯል ለካ
በተዘጋው ጆሮ ደጅ፣ እየተጫወተ ሲያንኳኳ።

ግራው ገባ፤ ግራ ገባው፤ ብቻውን ሳቀ።

በግራው የተቀመጠች ሴት «ምን ያስቅዎታል?» አለች፤
አልሰማም።
እሷን ወደ ቀኝ የምታሻግር ሳጥን፣ እሷስ የት አለች?