የታሸገ ትንፋሽ

በኦታሩ ወደብ፣ በረዶው ሲከመር፣
ቶኩጂ ከእቶን ፊት ይነፋ ነበር፤
ለዓሣ አጥማጅ መረብ ማንሳፈፊያ ኳስ፣
ከቱቦው ጫፍ ላይ ቀልጦ ሲልፈሰፈስ፣
አንድ ትንፋሽ ሰጥቶት፣ ሳይውል ሳያድር
በጠብታ መስታወት ያሽገዋል ለባሕር።

የሳንባን አሠራር አንድም ቀን አላጠናም፤
ደኅና ሳንባ ጌታውን ደጅ አያስጠናም።
ድያፍራሙ ወርዶ ደረቱ ሲሰፋ፣
አየር ራሱ ይገባል፣ ማንም ሳይገፋ፤
በተዘቀዘቀ ዛፍ፣ ከግንድ እስከ ጭራሮ፣
ወርዶ፣ ወርዶ፣ እስከ ትንንሾቹ ከረጢቶች ጓሮ።
ጠቁሮ የመጣው ደም ከዚያ ደጃፍ ይደርሳል፣
ጥላሸቱን ጥሎ ቀልቶ ይመለሳል።
ግራው ያንሳል ከቀኙ፣ ለልብ ሥፍራ ለቆ፤
እንዲህ ያለ ጎረቤት ማን ያገኛል ጠይቆ?

አሸዋውም ለካ፣ ብናኝ ሆኖ ገብቶ፣
ሲሠራ ኖሯል በበኩሉ ተግቶ፤
ሳንባውን መስታወት አደረገው።

እስከ ቤቱ ሰባት ደረጃ ነው፤ አራተኛው ላይ ቁጭ ይላል፤
«ጀልባ ሲገባ ልይ ብዬ ነው» ይላታል ልጁን፤ ይዋሻል።
ሳቁን እንኳ ቆጥቦ ለእራት ያስተርፋል።

በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ ባሕር የተፋውን
አረንጓዴ ኳስ አንሥታ፣ የአባቷን ማኅተም ያለውን፣
ፉሚኖ ከጆሮዋ አስጠጋች። ዝም ነው።
ያ ትንፋሽ ገና አልወጣም፤
የቶኩጂ ሳንባ ደኅና በነበረበት ጠዋት የገባው ነው።

«ልስበረው?» አለ ትንሹ ልጇ። መልስ ሳትሰጥ፣
ሳበች፤ ያዘች፤ ለቀቀች፣ ቀስ ብላ፣
ብርጭቆው ላይ ጉም እስኪቀመጥ።