ተቀባይ

"ሥራህ ምን ነበረ?" አሉት ዘመዶቹ፣
ቧንቧ ውኃ ሠፈር፣ ፍራሹ ላይ ሞልተው ትንሽ ትልቆቹ።
"ተቀባይ" አላቸው።
ዝም አሉ። ተያዩ። ሳቅ ቀደመባቸው።

"የምን? የመንዙማ?" አያ ይማም ጠየቀ፤
"ወይስ የሌ…" ብሎ የቀረውን ቃል በጢሙ ደበቀ።
"የኳስ" አለ ሸምሱ፣ "የእግር ኳስ። ግን እሱን በእጄ ነው የምይዝ።"
አክስቴ ዘይነባ ከመስገጃዋ ቀና አለች፤ "በእጅ ከሆነማ እግር ምኑን ሊያግዝ?"

አስተርጓሚው እኔ፤ ከአፉ እየነጠቅሁ፣
ግማሹ ገብቶኛል፣ ግማሹን ጨመርሁ።

ኳሷ እንደ እንቁላል ነች፣ ሁለት ጫፏ ሾጣጣ፤
አንዱ ይወረውራል፣ ሸምሱ ይሮጣል የት እንደምትመጣ
ሳያይ። ዐሥር እርምጃ ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ስብር፤
ዞር ሲል ኳሷ አየር ላይ፣ አሳዳጁ ጀርባው ላይ፣ ከዚያ ወዲያ ምድር።

"ስትይዛትስ?" "ይጥሉኛል።"
"ሳትይዛትስ?" "ያኔም ይጥሉኛል።"
"ኧረ በአላህ! ታዲያ ምኑ ነው የሚሻል?"
አሰበና አለ፣ "መያዙ ይሻላል።"

ዘጠኝ ዓመት በላ የዚህን እንጀራ፤
ሦስት ከተማ ዞረ፣ ሁለቴ ተባረረ፣ አንዴ ተመልሶ ከመንገድ ተጠራ።
ጀርባው ላይ ሰማንያ አንድ፤ እዚያ በስሙ ማን ይጠራዋል?
እናቱ ብቻ ከወንበሮቹ መሐል "ሸምሱ!" ስትል በሺህ ጩኸት ውስጥ ሰምቷል።

የያዛቸውን ኳሶች አልነገረንም ቁጥር፤
ያመለጠችውን ግን በመዳፉ አሳየን፣ ስትመጣ፣ ስትነካው፣ ስትበር።
በረዶ ይጥላል፣ ስልሳ ሺህ ሰው ቆሟል፣ የጣቱን ጫፍ ነካች፤
"ቀዝቃዛ ነበረች" ሲለን የአክስቴ ሻይ እጇ ላይ ቀረች።

ከዚያ ጉልበቱ ቋ! አለ፣ ማንም ሳይነካው፣ ባዶ ሣር ላይ፤
ማክሰኞ ጠዋት ደወሉ። ስሙን ከቁምሳጥኑ ልጠው፣ የሌላ ተቀባይ
ለጠፉበት።
"አብሽር" አለ አያ ይማም። ሌላ ቃል አጣለት።

እኔ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። ሐሙስ ከእኔ ጋራ
ጎማ ላይ ተቀመጠ ፀሐይ ሊሞቅ፤ የቶሳ ጉም ገና ሳይለቅ ከተራራ።
የመርሳው አውቶቡስ ገባ። ጋሹ ጣራው ላይ ወጥቶ ገመዱን ሲፈታ፣
አንድ ዘንቢል ተንሸራቶ ከጫፍ ወረደ ወደ ባዶ ቦታ።

ሸምሱ ሲነሳ አላየሁም፤ አየሁ አቧራውን፣
ዐሥር እርምጃ፣ ስብር፣ ዞር፣ ደረቱ ሲቀበል የዘንቢል ክብደቱን።
እዚያው ቢቆም ኖሮ! ግን የዘጠኝ ዓመት እግር መች ይሰማል?
ዘንቢሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ በሩ ይሮጣል።

"ሌባ! ሌባ! ያዙልኝ!" አለች ባለ ዘንቢሏ፤
ሊስትሮው፣ ወያላው፣ ቆሎ ሻጭም ሳትቀር ተነሳች ከጥላ።
አጥሩ ላይ አስጠጉት። ያለችውን አማርኛ ሰብስቦ፣
"ሌባ አይደለሁም!" አለ ቃል በቃል ላይ ደርቦ፤
"እኔ ተቀባይ ነኝ!"
መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሱም፣ "በል እንግዲያ ሌባውን አሳየኝ!"
ጋሹ ከጣራው ላይ፣ "እኔ ነኝ መሰለኝ።"

ዘንቢሉ ተፈታ። ጭድ። ከጭዱ ሥር እንቁላል፤
ቁጭ ብላ ቆጠረች። ከአርባው ሠላሳ ስምንቱ ደኅና፤ ሁለቱ ተሰንጥቋል።
ጣራውን አየች፣ መሬቱን አየች፣ ሸምሱንም ቆይታ፤
"የሁለቱን ትከፍላለህ" አለችው። ከፈለ፣ ምንም ሳያመነታ።

ጉልበቱ አብጦ ጎማው ላይ ሲመለስ፣ "ስንት ሮጥሁ?" አለኝ፤
"ሠላሳ ክንድ" አልሁት። ሃያ ይሆን መሰለኝ።

መዝገቤን ገለጥሁ። "መርሳ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ገባ" ከሚለው በታች
ጻፍሁ፦ "ሸምሱ እንድሪስ። አንዲት። አላመለጠች።"

ከዚያ የኮምቦልቻውን ተራ ጠራሁ።