አልለቅ ያለ ቁጥር

ስምንት ዓመት ቆምኩኝ ከገንዳው አጠገብ፣
መስኮቴ ትንሽ ናት፣ እንደ ጉሮሮ ጠባብ፤
ሳህን ታሳልፋለች፣ ፊት አታሳልፍም፣
ቢሆንም ሰው ማወቅ ለእኔ አይቸግርም።
ሳህን ሆዱ አይችልም፤ ሲመለስ ያወራል፣
ማን ርቦት እንደመጣ፣ ማን ሊያይ እንደመጣ፣ አንድ ባንድ ይነግራል።

ቬኒስ ነው ከተማው።
እኔ የሲሌት ልጅ፣ ጎርፍ ያሳደገኝ፣
አገር በውኃ ላይ ቢቆም አይገርመኝ፤
የገረመኝ ሌላ፦ በአደባባዩ ዙሪያ
ቡና የጠጣ ሰው ይከፍላል
ለወንበር፣ ለሙዚቃ፣ ለርግቦች መዋያ።

ከዚያ ሁለት ድልድይ አልፎ፣ ወደ ግራ ታጥፎ፣
የኦርኔላ ቤት አለ፣ ከግድግዳ ተለጥፎ።
ስድስት ጠረጴዛ። በር ላይ ጠሪ የለው፣
የምግብ ፎቶ የለው፣
ጥቁር ሰሌዳ ነው በጠመኔ የተጻፈው፦
ፓስታ፣ የቀኑ ዓሣ፣ ሩብ ሊትር ወይን፣
አሥራ አራት ዩሮ።
ዓሣው በየጧቱ ይጠፋል፣ ይጻፋል፣
ቁጥሩ ግን ከርሞ ከርሞ ቆዳ አውጥቷል።

የአልቪዜን ሳህን በጨለማም አውቃለሁ፤
በዳቦ ይጠርገዋል፣ እኔ ምን እሠራለሁ?
ስቴኪኒውን ደግሞ ለሁለት ሰባብሮ
ብርጭቆው ውስጥ ይተዋል፣ እንደ ፊርማ አኑሮ።
የጭነት ጀልባ ነጂ ነው፦ ሲሚንቶ፣ ፍሪጅ፣ የሆቴል አንሶላ፤
የተወለደባት ክፍል
በአዳር ትከራያለች፣ ቁርስን ሳይጨምር፣ ለሌላ ለሌላ።
ጧት ጧት ከመስትሬ በአንድ ባቡር እንገባለን፣
እሱ ወደ ሰፈሩ፣ እኔ ወደ ሥራዬ፤
ማታ እኩል እንወጣለን።

የእንግዳ ሳህን ግን ሌላ ነው ቋንቋው፤
ሳርዲኑ ተበልቶ ሽንኩርቱ ዳር ላይ ነው፣
ዘቢቡ እንደ ዝንብ ተለቅሞ ተጥሏል።
አንዳንዱም ሂሳቡን አገላብጦ ያያል፣
ትናንት አደባባይ ላይ ተገፎ አድሯል፣
“ተንኮሉ የት ጋ ነው?” ብሎ ይጠይቃል።
ኦርኔላ ትስቃለች፦
“ሽንኩርቱ ውስጥ ነበር፣ አቼቶ ሲጠጣ ሁለት ሌሊት ያደረ፤
ተንኮሉን ዳር አድርገህ ዓሣውን በላኸው፣ እንግዲህ ምን ቀረ?”

በመጋቢት አንድ ቀን ከአከራዩ ደብዳቤ መጣ።
እጇን ብቻ አየሁት፤ ወረቀቱን አጠፈች፣ ደግማ አጠፈች፣
የስኳር ከረጢት አሳክላ
ከቡናው ማሽን ሥር ወተፈች።
“ሸፊቁል” አለችኝ፣ “ሰሌዳውን እጠበው።
ዛሬ ሙሉውን ነው።”

ዓሣው በውኃ ወጣ። ወይኑ በሳሙና።
ቁጥሩ እንቢ አለ።
ያረረ ድስት እንደ መስተዋት የማወጣ ሰው ነኝ፣
የብረት ሽቦም አለኝ፤
እውነቱን ልናገር፦
ቢጫኑት ይለቅ ነበር።
አልተጫንኩትም።
“ታጠበ?”
“ታጠበ።”
አየችው። አየችኝ። ምንም አላለችም፣
ከላዩ ላይ ጻፈች፦ አሥራ ስድስት ዩሮ፤
የድሮው ከሥሩ እንደ ጥላ ቀርቶ።

በምሳ ሰዓት አልቪዜ ገባ። ቆሞ አነበበ፤
ይህን ያወቅሁት ወንበሩ ሳይሳብ ስለ ዘገየ ነው።
በላ።
ቧንቧውን ዘግቼ ሳንቲሙን ባንኮው ላይ ሲወርድ ቆጠርኩት፤
አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣
ዝም።
መሳቢያው ተዘጋ።

ከኋላ አንድ እንግዳ፣ በተሰባበረ ጣልያንኛ፦
“ሁለት ቁጥር አያለሁ። ዋጋው የትኛው ነው?”
ኦርኔላ፦ “ማንበብ የቻልከው።”

ወደ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ሳህን ገባልኝ።
ሽንኩርት የለ፣ ዘቢብ የለ፣ በዳቦ ተጠርጓል፤
ከብርጭቆው ውስጥ ስቴኪኒ ለሁለት ተሰብሯል።
አልቪዜ ከሄደ ግን ሰዓት አልፎታል።

ወደ መብራቱ አዞርኩት። ሆዱን ቻለ፤ አልነገረኝም።
በስምንት ዓመት ውስጥ የማን እንደሆነ ያጣሁት
የመጀመሪያው ሳህን ነው።
ሳላጥበው ቆየሁ።