ሸርጣን የት ይበላል?

ወሪያ፣ ምን አልከኝ? ሸርጣን የት ይበላል?
በዚህ አሸዋ ላይ ባሕርን ማን አይቷል?
ወንዛችን ደቻቱ፣ አሸዋ ነው ሆዱ፣
ከመጣም በሌሊት፣ ቤት ይዞ መንጎዱ።
ቢሆንም ተቀመጥ። ለጠየቀ እንግዳ
መልስ አለኝ የቆየ፣ የማልረሳው ዕዳ።

ያኔ የፍሬን ሠራተኛ፣ የምድር ባቡር ልጅ፣
ግሪስ የጠገበ እጅ፣ ፉርጎ የቤቴ ደጅ።
ጅቡቲ ላይ ጭነን በበረዶ ሳጥን፣
ባሕርን በቁራጭ አበላን አገሩን።
ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሺኒሌ፣
ሳጥኑ ያንጠባጥባል፣ ጨው ጨው ይላል አካሌ።

ጠዋት ይጠብቀናል ዓሚ ዓወድ ቆሞ፣
ሽርጡን አጥብቆ፣ ጢሙን ሂና አቅልሞ።
ዓሣውን ያሸታል እንደ ሕፃን አናት፦
«ይሄ ከሌሊት ነው፣ ይሄኛው ከትናንት።»
ሰንጥቆ ዘርግቶ፣ ከሙን በርበሬ ለውሶ፣
ወደ ታኑሩ ሆድ እጁን ሰዶ መልሶ፣
በትናንት ጋዜጣ ትኩሱን ይሰጥሃል፤
ሹካ ብትጠይቅ ጣቱን ያሳይሃል፤
ሥጋ ብታስተርፍ «ለድመት ነው?» ይልሃል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ግን

የግሪኩ የሙሴ ስታማቲ ዕቃ
ዓሚ ዓወድ ደጃፍ ወረደና በቃ።
ክዳኑ ሲነሣ ዝም አለ ሰፈሩ፤
በድሬ ሙቀት ነፍስ መዝራት ጀመሩ፤
አሥራ ሁለት ሸርጣን፣ ዓይን በእንጨት ሰክተው፣
እንደ ልብስ ሰፊዎች መቀሳቸውን ከፍተው።

እትዬ ብርዛፍ አማተቡ፦ «ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው፤
ኦሪት የነቀፈውን ማን ደፍሮ ሊበላው?»
ዋይስ ዘበኛው ሳቀ፦ «ግመል ወደ ፊት ይሄዳል፤
ወደ ጎን የሚሄድ አንድ ነገር ሰርቋል።»

ዓሚ ዓወድ ብቻ ወርዶ ተንበረከከ፤
አንዱን አነሣና ወደ አፍንጫው ላከ።
«ይሄ ከትናንት ነው» ሊል ነው ስንል፣ ቆየ፣
በሂናው ጢም ላይ አንድ ጠብታ ታየ።
«ይሄ ከሙከላ ነው» አለኝ፣ «ከስድስት ዓመቴ፣
እናቴ ስትጠራኝ ያመለጠኝ ከፊቴ።»

ክዳኑን ዘጋና፣ «ስማኝ የባቡር ልጅ፤
በማታው መልስልኝ እስከ ባሕሩ ደጅ።
ሰው አይብላቸው።»
«ወላሂ» አልኩት እኔም፣ ክርስቲያኑ ሰውዬ፣
ድሬ እኮ ነው፣ መሐላ የጋራ ነው ብዬ።

ማታ ግን መብራቱ በከዚራ ዛፍ ሥር፣
የሙሴ ኩሽና፣ አሥራ ሁለት ብር።
አንድ ብር ለአንድ ነፍስ፤ ቆጠረልኝ አብሳዩ፣
አንድ እግርም ጨመረ፣ ቅቤ ቀብቶ ከላዩ።
በፉርጎ መዶሻዬ ተሰበረ አጥንቱ፤
መጠጥኩት። ጣፈጠኝ። እሱ ነው ክፋቱ።

«አደረስካቸው?» አለኝ ዓሚ በነጋታው።
«ገቡ።»
«ወደ ጎን?»
«ወደ ጎን።»
ሳቀ፣ እስኪያስለው።
የዚያን ቀን የዓሣ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ፤
አጥንት የሌለው ቁራጭ ጉሮሮዬን ያዘኝ።

ዛሬ ባቡሩ ሌላ ነው፣ ጣቢያውም ርቋል፤
የዓሚ ዓወድ ቤት ስልክ ይጠገንበታል።
እና ሸርጣን ካልከኝ የምጠቁምህ የለም።
ዓሣ ግን ካማረህ፣ ድሬ አልነጠፈችም፤
የልጅ ልጁ ሳሊም ካፊራ ጀርባ አለ፣
ዓሣውን ሲያሸት አያቱን መሰለ።
ሂድና ብላበት። ሹካ አትጠይቀው።
ስለ እኔ ከጠየቀህ — አላየሁትም በለው።