የዘጠኝ ሰዓት ርክክብ

ልክ ስድስት ሲሆን፣ ማንም ሳይጠራኝ፣
እግሬ ቀድሞኝ ወርዶ ካልጋዬ አወጣኝ።
በጨለማው መሃል መያዣ ብዳብስ፣
ቤቱ ፍንክች አይል፤ ግድግዳው አይተነፍስ።
ከታች የጋጋሪው ምድጃ ገና አልሞቀም፤
ካማሬ ተኝታለች፤ ዘብ የሚቆም የለም።
ጀልባ የሌለው ፈረቃ፣ ሞገድ የሌለው ዘብ፣
ቆሜአለሁ በካልሲ፣ ከመስኮቱ ቀረብ።

አሥራ ስድስት ቀን ነው ከኦርታ እስከዚህ ድረስ፤
ሁለት አልጋ ለሦስት፣ ሞቆ የሚወረስ።
ኖልወን አለቃችን፣ ንግግሯ እንደ ጨው
ቆንጠር የሚደረግ፤ አዴሊኖ ግን ወሬው
ካፉ ሳይወጣ ነው ነፋስ የሚወስደው።
እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ስሜ ነው ጥጋቡ፤
ሽንኩርት እቆጥር ነበር፣ ሦስት ሰዎች ሲራቡ።
አንድ ራስ ለቀን፣ ግማሽ ሎሚ ለሦስት፣
ውሃ በኩባያ፤ ፊት መታጠብ ቅንጦት።
ካልሲ በጨው ውሃ ታጥቦ አይደርቅም፤
ሻጋታውን ፍቀን ዳቦውን አንጥልም።
ምድጃው ብቻ ነበር፣ በብሎን ተንጠልጥሎ፣
ጀልባዋ ስትጋደም የሚቆም ቀጥ ብሎ፤
እኛማ አንድ እጅ ለሥራ፣ አንድ እጅ ለነፍስ፣
ሾርባ በጉልበታችን አቅፈን ስንልስ፣
እንግዳው ማዕበል ይገባል ሳያንኳኳ፣
ከሳህናችን ላይ ድርሻውን ሊለካ።

መዝገቡ ላይ በእርሳስ፣ በየሰዓቱ አንድ መስመር፦
ነፋስ ከምዕራብ። ሸራውን አንድ እጥፍ ቀነስን።
ሁለት እንቁላል ተበላሸ።
ዓሣ ነባሪ፣ ወይም የዓሣ ነባሪ ጀርባ የመሰለ ውሃ።
ምንም።
ምንም።
አዴሊኖ በእንቅልፉ ይስቃል።

በአሥረኛው ቀን ነፋሱ ጥሎን ጠፋ።
ባሕሩ ዘይት ሆነ፤ ሸራው እንደ ከፋው ሰው አንገቱን ደፋ።
አዴሊኖ ሳህን በባልዲ ሲያጥብ ሳለ
ማንኪያ አመለጠችው።
ዐይኔ እስከሚችል ድረስ ቁልቁል ተከተላት፣
እያብለጨለጨች፣ ቀስ ብላ፣
የሚያስቸኩል ጉዳይ ምንም እንደሌላት።
አንዷን ኦርታ ረስተን፣ አንዷ አሁን ሰጥማ፣
ለሦስት ሰው አንድ ማንኪያ።
ነገሩን በማንኪያ ጀምሬ በእናቱ ጨረስኩት።

ሁለት ቀን ተኳረፍን፣ አሥራ አንድ ሜትር ጀልባ ላይ፤
አኩርፎ የሚሄዱበት ሰፈር የለም፣ ወይ ውሃ ነው ወይ ሰማይ።
ኖልወን አልገላገለችንም። በልታ ስታበቃ
ማንኪያዋን በሸሚዟ ጠርጋ ለእኔ ሰጠችኝ፤
እኔም በላሁና፣ ፊቴን አዙሬ፣ ለእርሱ ዘረጋሁ።
ማንኪያም እንደ አልጋው ሞቆ ተወረሰ፤
ማን ቀድሞ እንደ ሳቀ እንጃ፣
ኩርፊያው በማንኪያው ጫፍ ፈሰሰ።

የኔ ፈረቃ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ነበር።
ርክክቡ እግር በመንካት ነው፤
ስም አይጠራም፣ ሌላዋ ትነቃለች።
ጨለማ ውስጥ የአዴሊኖን አውራ ጣት ጨበጥ አደርጋለሁ።
«ምን አለ?» ይላል።
«ምንም የለም» እላለሁ።
ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች አናውቅም ነበር።

መሬት ሳይታየን በፊት ሸተተን፦
የታጨደ ሣር፣ ዝናብ የመታው ላም።
ኖልወን አፍንጫዋን ወደ ላይ አንስታ
አለቀሰች፣ ወይም አስነጠሳት፤ አልጠየቅናትም።
ወደቡ ላይ ተበተንን፤ እሱ በአውቶቡስ ወደ ብሬስት፣
እሷ የሚያማትን ጥርስ ልታስነቅል።
ጀልባዋ ብቻ ቀረች፣ በአራት ገመድ ታስራ፣
መንገድ እንደ ለመደች በቅሎ ቆማ እየተወዛወዘች።

ዘጠኝ ሰዓት።
ከታች መብራት በራ። ጋጋሪው መጣ፣
እጅጌውን እየጠቀለለ።
መስኮቱን ከፍቼ፣ በአማርኛ፣
«ምንም የለም» አልኩት።
ቀና ብሎ፣ ያበደ ሰው እንደሚታይ አየኝና
እጁን አነሳ።
ተረከበኝ ማለት ነው።

ወደ አልጋዬ ተመለስኩ።
በርዶ ጠበቀኝ፤
ማንም አልተኛበትም።