ሦስት ጣት

ሣንቃዬ ባሕር ዳር፣ ጀልባ ከሚታሰርበት ዳር፤
ባንድ በኩል ሚስማር፣ ባንድ በኩል ቁጥር።
ማለዳ ማለዳ ዓሣ አስተኛለሁ፣
ከአፉ እስከ ጅራቱ ልኩን አያለሁ።
ቢጫውን፣ ነጩን፣ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣
በእርሳስ ነው የምጽፍ፤
ቀለም ውሃ ሲያገኝ ይሸሻል እንደ ዋዛ።
ደመወዜ ትንሽ፣ ቅጽል ስሜ ብዙ ነው፤
አንዱ «ሜትሯ»፣ ሌላው ዞር ስል «ጆሮ ጠቢ» የሚለው።
አጎቴ ይርሳው ብቻ በስሜ ይጠራኛል፣
«እማዋይሽ፣ ዛሬስ ስንት ሆነ?» ይለኛል።

ስንት ሆነ እንግዲህ?
መጀመሪያው ዓመት ከክንዴ ያልፍ ነበር፣
ጅራቱ ከሣንቃው ወጥቶ እስኪንጠለጠል።
በሦስተኛው ዓመት አንጓዬ ላይ ቆመ፣
በስድስተኛው ስንዝር፤
የሣንቃዬ ግማሽ ሥራ ፈቶ ከረመ።

ሰበቡን ጠየቅሁ፤ ሁሉም ሌላ አመጣ፦
እምቦጩ ነው፣ የሩዙ መድኃኒት ነው፣ የሰማዩ ቁጣ።
ኑርዬ ግን፣ የደንገል ታንኳውን ሲያስር፣
ቀና ሳይል አለኝ፦ «ድሮ የመረብ ዓይን በጣት ይለካ ነበር።
ሦስት ጣት የሚያስገባ፣ ትልቁን ይዞ ልጁን የሚለቅ፤
ይኸ አሁን የመጣው፣ ውሃ ውስጥ የማይታይ፣ ረቂቅ፣
ትንሿን ጣቴን እንኳ አያሳልፍም፤
አያትም አይምርም፣ የልጅ ልጅም አይተርፍም።»

ደግሞ የወንዙ አፍ አለ፤ ጉማራ፣
በክረምት ደፍርሶ ሐይቁን ሲጣራ።
ነጯ ዓሣ ትወጣለች እንቁላሏን ይዛ፣
ጠጠር ፍለጋ፣ ሆዷ ከብዶ፣ ፈዝዛ።
መረቡ ከዳር ዳር ተዘርግቶ ይጠብቃታል።
«አንድ» ብዬ እጽፋታለሁ፤ ሆዷ ግን ሺህ ይላል።

በግንቦት ተሰበሰቡ፣ ከማኅበሩ ቢሮ ኋላ፣ ከሾላው ሥር፤
ስድስት ዓመቴን አንድ ሰዓት ሙሉ ሳነብ ነበር።
ማንም አልጮኸም። ቁጥር አያስጮህም።
ዘርትሁን፣ ባሏን ማዕበል የወሰደባት፣ ዓሣ ጠባሿ፣
ተነሣች፦ «ዓሣው ይረፍ፣ እሺ።
የኔ ልጆች ሆድ የሚያርፈው በየትኛው ወር ነው?»
አለችና ተቀመጠች።
መልስ አልነበረም፤ ዛሬም ግማሹ ነው ያለው።

ቢሆንም ተማማሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዙ አፍ መረብ የለም፤
ከሦስት ጣት የጠበበ ዓይን ሐይቁን አይነካም።
ለዘርትሁን ከማኅበሩ ሣጥን በየወሩ ይቆረጣል፤
(አንዱን ወር ረስተዋል። መዝገቡ ያውቃል።)

መረቡን የሚያስረክብ ጠፋ። ሁለት ቀን።
በሦስተኛው ይርሳው መጣ፣ አጎቴ፣
አራት መረብ ተሸክሞ፣ የሁለት በሬ ዋጋ፣
ሣንቃዬ ላይ ዘረገፈው።
«ለኪ!» አለ። ጣቴን ሰደድሁ፤ አንዱም አልገባ አለኝ።
«ጻፊ!» አለ። ጻፍሁ። ስሙን ከነአባቱ።
ፊቴን ሳያይ ሄደ።

ያ ክረምት አላልቅ አለ። ሆቴሎቹ ከሌላ ሐይቅ ዓሣ አስጫኑ፤
ጎረምሶቹ «ምን አተረፍን?» አሉ፤
በሌሊት ወጥተው ሁለቱ ተያዙ፣ ሦስቱ አመለጡ።
በሁለተኛው ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣
አንድ ነጭ ዓሣ ከስንዝር በሁለት ጣት ዘለለ።
ሁለት ጣት!
ለማንም አልነገርሁም፤ ሁለት ጣት ጥጋብ አይደለ።

ነሐሴ፣ እኩለ ሌሊት፣ ስልኬ ጮኸ፤ አጎቴ ነው፣
የወንዙ አፍ ዘበኛ ዛሬ፣ ዝናብ የማማውን ፕላስቲክ ሲመታው።
«እማዋይሽ፣ እየወጡ ነው፤ ስሚ!» አለኝ፤
ስልኩን ወደ ውሃው ዝቅ ያደረገ መሰለኝ።
ውሃ ብቻ ሰማሁ። ውሃና የሱን ትንፋሽ።
«ሰማሽ?»
«ሰማሁ» አልሁ።

መብራት አብርቼ መዝገቤን ገለጥሁ፦
ርዝመት። ክብደት። የመረብ ዓይን። የአጥማጁ ስም።
እርሳሴን ይዤ ቆየሁ፤
ያለፈ ዓሣ የሚጻፍበት አምድ የለም።