ደርሶልኝ

ማለዳ ከአዘዞ በባጃጅ ወጣሁኝ፣
ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ ያዝሁኝ፤
ሰኔ ነው፤ ጎንደር ላይ ሰማይ አይታመንም፣
ጥላ ለሰው እንጂ ለወረቀት የለም።

ክለቡ የሰጠኝ ቅጽ አሥራ ሁለት ሣጥን አለው፦
ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ ሠላሳ ሜትር ሩጫው፣
ግራ እግሩ፣ ቀኝ እግሩ፣ በጭንቅላት ዝላዩ።
ከግርጌው ቀጭን መስመር፣ «ሌላ አስተያየት» ይላል፣
ጉንዳን ጎኑን ሳይፋቅ እንዴት ብሎ ያልፋል?

ማራኪ ግቢ፣ ሜዳው ጭቃ።
ዘጠኝ ቁጥር ሲነካ ተማሪው ሁሉ ይጮሃል፤
አራት ቁጥር ሲቆም ማን ቆሞ ያየዋል?
እኔ የመጣሁት ለአራት ቁጥር ነው።
ደርሶልኝ መኳንንት። ሦስተኛ ዓመት፣ ፊዚዮቴራፒ።
አንገቱ አጭር፣ ትከሻው የበር መቃን።

ጎኑ ያለው ልጅ ተንሸራቶ ኳስ ሲያወጣ
ጭብጨባው ዘነበ፤ ጭቃው እስከ ደረቱ መጣ።
የደርሶልኝ ቁምጣ ግን እንደ ታጠበ ነው፣ ነጭ።
አንድም ጊዜ አልወደቀም።
የሚወድቅ ተከላካይ የዘገየ ነው፣
እኛም በጊዜያችን ይህን ተምረናል፣
በዱላ።

(ጎብኚ ማማውን ያነሣል፤ ኖራውን ማን ፎቶ አነሣ?
ይህን ልጽፍ ነበር። ቦርዱ ለግጥም በጀት የለውም።)

ስድሳ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ
የግራው ተመላላሽ አዳልጦት ተዘረጋ፣
መስመሩ ባዶ ቀረ፣ እንደ ተከፈተ አልጋ።
በረኛው ጮኸ፦ «ደርሶልኝ!»
ስሙን ይጥራ ምስጋና ያድርስ አልለየሁም፤
ልጁ ከድምፁ ቀድሞ እዚያ ነበረና
ትእዛዝ አልመሰለኝም። ምስክርነት እንጂ።

ሣጥኖቹን አየሁ። «መድረስ» የሚል የለም።
«ፍጥነት» አለ። መካከለኛ፣ ብዬ ሞላሁ።
ደግሞ ይህንንም አየሁ፦
ወደ ግራ ሲዞር ቀኝ ጉልበቱን ይሳሳለታል፣
የሰው አደራ ይመስል።

ከበሩ ማዶ ጭማቂ ቤት፣ አቮካዶ በማንኪያ።
«ጉልበትህስ?» አልሁት። አልዋሸኝም።
«ሜኒስከስ ነው ጋሼ፣ የውስጠኛው።
በተግባር ትምህርት ላይ አልጋው ላይ ተኛሁላቸው፣
ጓደኞቼ አገኙት። ጥሩ ውጤት አመጣንበት።»
«እና፣ ምን ያህል ይቆያል?»
«ከጠበቅሁት ስድስት። ካልጠበቅሁት ሁለት።»
ዓመት መሆኑን ሳልጠይቅ ገባኝ።

ከዚያ ማንኪያውን አኖረና ከጠረጴዛው ሥር አየ፦
«እርስዎ ሲቀመጡ ጠርዙን ይይዛሉ።
ደረጃውን የወረዱት በግራ እግርዎ ብቻ ነው።
ስንት ጊዜ ሆነዎ?»

ሃያ ሁለት ዓመት። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።
አንዱ እንደኔው ደብተር ይዞ ሜዳ መጥቶ፣
«ጉልበት» ብሎ ጽፎ፣ አንድ መስመር ሰጥቶ፣
ሄደ። ስሙን እንኳ አላውቅም።
እውነቱን ነበር የጻፈው።
የሚከፋኝም ይኸው ነው፤ እውነቱን ነበር የጻፈው።

«ግድግዳ ይደገፉ» አለኝ ደርሶልኝ፣
«ቀስ ብለው ዝቅ፣ ቀስ ብለው ቀና፤ ማታ ማታ አሥር።»
ሒሳቡን ልክፈል ብሎ ታገለኝ። ተማሪ!

ማታ ፒያሳ፣ አልጋ ቤት፣ መብራት ሄዷል።
በስልክ ብርሃን ቅጹን ሞላሁ።
ቁመት፦ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሦስት።
ጉልበት፦ ጻፍሁት። የእግሩንም ስም፣ የሕመሙንም ስም።
ብደብቀው ሐኪማቸው ያገኘው የለ፣
ያኔ የሚሰበረው ቃሉ ነው፣ ከጉልበቱ ቀድሞ።
በቀጭኗ መስመር ላይ ግን እስክሪብቶዬን አዘገየሁ፣
ከዚያ፦ «ቁምጣው ንጹሕ ነው።»
ቦርዱ ይስቃል።
ከመካከላቸው ተከላካይ የነበረ አንድ ሰው ካለ
እሱ አይስቅም።

ተነሥቼ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁ።
ቀዝቃዛ ነው። አንድ። ሁለት።
አራት ላይ ቋ አለ።
አምስት።